ባዮሎጂን ውጭ አገር ለመማር፦ አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይስ እዚሁ አፍሪካ?

ባዮሎጂ የተመረቀ ልጅ ውጭ መማር ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት ጥያቄ «የትኛው አገር ይሻላል?» የሚል ነው። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ዝርዝር ይከፍታል። ከላይ ያሉትን ስሞች መርጦ ለሦስት አራቱ ያመለክታል፤ ገንዘቡ እዚያው ያልቃል። እኔ ምርጫው ከሌላ ቦታ እንዲጀመር እፈልጋለሁ። ወጪውን እስከ መጨረሻው የሚችለው ማን ነው? ሥራችሁን ቁጭ ብሎ የሚያይላችሁስ ማን ነው? አገሩም፣ ከተማውም፣ የዩኒቨርሲቲው ስምም ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በኋላ ይምጣ።

የምጽፈው ኢትዮጵያ ውስጥ በባዮሎጂ፣ በባዮቴክኖሎጂ ወይም በተቀራራቢ ትምህርት ለተመረቀና ቤተሰቡ ውጭ አገር ከፍሎ ሊያስተምረው ለማይችል ተማሪ ነው። ዓመተ ምህረቱን በፈረንጆቹ አስቀምጣለሁ፤ የማመልከቻ ቀኖችን ግን ለማስታወስ እንዲቀል በእኛ ወር እናገራለሁ።

ማስተርስ ወይስ ፒኤችዲ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኛ አገር መንገዱ ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ከዚያ ፒኤችዲ ስለሆነ የትም እንደዚያ ይመስለናል። አሜሪካ ግን በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል። ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል። ማስተርስ ሳይኖራችሁ ትገባላችሁ፤ በብዙ ቦታ መንገድ ላይ ማስተርሱንም ይሰጧችኋል።

ልዩነቱ የገንዘብ ነው። በአሜሪካ የባዮሎጂ ፒኤችዲ ተማሪ እንደ ደንቡ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ በላዩም መኖሪያ ገንዘብ ይሰጠዋል። ማስተርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ ነው። «ፒኤችዲ ይከብደኛል፣ መጀመሪያ ማስተርስ ልሞክር» የሚል ተማሪ፣ ሳያውቀው በነፃ የሚገኘውን ትቶ በውድ የሚሸጠውን እየጠየቀ ነው። ከዚህ የሚወጡ አሉ። በግብርና፣ በዱር እንስሳትና በኢኮሎጂ ዘርፍ አንዳንድ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ለቲሲስ ማስተርስ ተማሪም ይከፍላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ፕሮፌሰሩ በእጁ ፕሮጀክት ሲኖረው ነው።

አውሮፓ ተቃራኒ ነው። ፒኤችዲ ለመጀመር ማስተርስ ይጠየቃል ማለት ይቻላል። በብዙ አገር የፒኤችዲ ተማሪ እንደ ሠራተኛ ተቀጥሮ ደመወዝ ይበላል፣ 3 ወይም 4 ዓመት ይሠራል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ማስተርሳችሁን የጨረሳችሁ ከሆነ አውሮፓ ከምታስቡት በላይ ቅርብ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ከያዛችሁ ደግሞ ወይ የአሜሪካ ፒኤችዲ፣ ወይ የአውሮፓ ማስተርስ በስኮላርሺፕ ዋናዎቹ በሮቻችሁ ናቸው።

አሜሪካን በቅርበት

መኖሪያ ገንዘቡ እንደ ቦታው በዓመት ከ25 ሺህ አካባቢ ተነስቶ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ብቻውን አይንገራችሁ። ትልቅ ከተማ ውስጥ 40 ሺህ ዶላር የክፍል ኪራይ ይበላዋል፤ በአንዲት ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ 28 ሺህ በደንብ ያኖራል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ። ከማስተማር ረዳትነት ከሆነ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ላቦራቶሪ ታስተምራላችሁ፣ ፈተና ታርማላችሁ። ለእንግሊዝኛችሁ ጥሩ ነው፤ ለምርምራችሁ ግን ጊዜ ይሻማል። ከፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ ከሆነ ቀኑን ሙሉ በራሳችሁ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ያ ገንዘብ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ግን በጽሑፍ ሊነገራችሁ ይገባል።

በሞለኪውላርና በሕክምና ባዮሎጂ ያሉ ትልልቅ ፕሮግራሞች ላይ አንድ የውጭ ተማሪን የሚመለከት ነገር አለ። ቲ-32 የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የስልጠና ገንዘብ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የተማሪዎች ፌሎሺፕም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም በዚህ ገንዘብ ላይ የቆመ ከሆነ የሚቀበለው የውጭ ተማሪ ጥቂት ነው። ስሙ ገናና የሆነ ፕሮግራም በዓመት አንድ ወይም ሁለት የውጭ ተማሪ ሲወስድ፣ ብዙም ስሙ የማይነሳ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ግማሹን ክፍል በውጭ ተማሪ ሊሞላ ይችላል። የፕሮግራሙን ገጽ ከፍታችሁ የአሁን ተማሪዎቹን ዝርዝር ተመልከቱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የት እንደሠሩ ብዙ ጊዜ ይጽፋሉ። ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ካሉ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

አገባቡም ሁለት ዓይነት ነው። በሞለኪውላር፣ በሴል ባዮሎጂና በጄኔቲክስ አብዛኛው ፕሮግራም ተማሪውን በጅምላ ይቀበላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት አካባቢ ላቦራቶሪዎች ውስጥ እየተዟዟራችሁ ትሠሩና አንዱን ትመርጣላችሁ። በኢኮሎጂ፣ በዕፅዋትና በእንስሳት ጥናት ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ አንድ ፕሮፌሰር ነው የምትገቡት። እሱ ወይም እሷ «ይሄን ተማሪ እፈልጋለሁ» ካላሉ ማመልከቻችሁ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር አይንቀሳቀስም። ለመጀመሪያው ዓይነት ቀድሞ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ለሁለተኛው ሳይጽፉ ማመልከት ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

ጂአርኢ የሚባለውን የአሜሪካ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በተመለከተ ወሬው አርጅቷል። ብዙ የባዮሎጂ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ፈተናውን ትተውታል፤ የባዮሎጂ ልዩ ፈተናው ደግሞ በ2021 ጭራሽ ቆሟል። ለመፈተን ከመክፈላችሁ በፊት የፕሮግራሙን ገጽ አንብቡ። የማመልከቻ ክፍያም እንዲሁ ሊነሳላችሁ ይችላል። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ ኢትዮጵያ እንዳላችሁ፣ በውጭ ምንዛሪ መክፈል እንደሚያስቸግራችሁ፣ ክፍያው እንዲነሳላችሁ እንደምትጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም፤ እነሱም የለመዱት ጥያቄ ነው።

አሁን ያለውን ሁኔታ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ2025 የፌዴራል የምርምር ገንዘብ ሲናጋ አንዳንድ የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች የሚቀበሉትን ተማሪ ቀንሰዋል፤ የሰጡትን ቅበላ የሰረዙም ነበሩ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የአሜሪካ ጊዜያዊ ቪዛ ለ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኗል። ይሄ ማለት በ3 ወር ውጡ ማለት አይደለም። ከገባችሁ በኋላ የተማሪነት ሁኔታችሁ እስካለ ድረስ ትቆያላችሁ። ከአሜሪካ ከወጣችሁ ግን ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ለቤተሰብ ናፍቆት ብቻ አይደለም የማነሳው። ምርምራችሁ ባሌ ተራሮች ላይ ከሆነና በየክረምቱ ለመስክ ሥራ ኢትዮጵያ መምጣት ካለባችሁ፣ በየዓመቱ ኢምባሲ በር ላይ ትቆማላችሁ። አንድ ጊዜ ከተከለከላችሁ ፒኤችዲው መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ወደፊት የሚለወጥ ሕግ ሊሆን ስለሚችል ከማመልከታችሁ በፊት አረጋግጡ። እኔ ብሆን የመስክ ሥራው ኢትዮጵያ ለሆነ ርዕስ አውሮፓን አስቀድም ነበር፤ ለላቦራቶሪ ርዕስ ግን አሜሪካን አልተውም።

ትዳር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ የሄደ ተማሪ ባል ወይም ሚስት በኤፍ-2 (በቤተሰብ) ቪዛ ሥራ መሥራት አይችሉም። በአንድ ተማሪ መኖሪያ ገንዘብ ሁለት ሰውና ልጅ ማኖር ከባድ ነው። ከተመረቃችሁ በኋላ ግን ኦፒቲ በሚባለው ፈቃድ 12 ወር፣ ለሳይንስ ተማሪ ደግሞ 24 ወር ተጨምሮ መሥራት ይቻላል። ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ በጄ-1 ቪዛ ለምትሄዱ ደግሞ ስትጨርሱ 2 ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ እንዳለ ከወዲሁ እወቁ።

ጀርመን፦ ነፃ ነው፣ ግን ነፃ አይደለም

የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም። እውነት ነው። ባደን-ቩርተምበርግ ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣውን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ሃይደልበርግ፣ ቱቢንገን፣ ፍራይቡርግና ሆሄንሃይም እዚያ ናቸው። የሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ጀምሮ ማስከፈል ጀምሯል።

እኛን የሚያስቸግረን ግን ይሄ ሳይሆን የታገደ ሒሳብ የሚባለው ነው። ቪዛ ለማግኘት ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ አስቀድማችሁ ማስቀመጥ ይጠበቅባችኋል፤ ከዚያ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅላችኋል። ለሁለተኛው ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ስታድሱ እንደገና ገቢ ማሳየት አለ። ይህን ከኢትዮጵያ፣ በውጭ ምንዛሪ፣ ከደመወዝ ቆጥቦ ማሟላት ለአብዛኛው ሰው አይታሰብም። ሁለት ማለፊያዎች አሉ። አንዱ ስኮላርሺፕ ነው። ሁለተኛው ጀርመን የሚኖር ዘመድ ዋስትና መፈረሙ ነው። ዋስትናው ወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፈረመው ሰው የእናንተን ወጪ በሕግ ይጠየቃል። አጎታችሁን ከመለመናችሁ በፊት ምን ላይ እንደሚፈርም እናንተም እሱም እወቁ።

ስኮላርሺፕ ስንል ዳድ የሚባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ይቀድማል። ለታዳጊ አገሮች በተመረጡ ኮርሶች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻውን ዲግሪያችሁን ካገኛችሁም ከ6 ዓመት መብለጥ የለበትም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ሌክቸረር ሆናችሁ ወይም በምርምር ማዕከል የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ለእናንተ የተሠራ ነው። ትናንት የተመረቀ ልጅ ግን ሌላ በር ይፈልግ።

ያ ሌላ በር የማክስ ፕላንክ ዓለም አቀፍ የምርምር ትምህርት ቤቶች ናቸው። በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ተማሪውን ከመላው ዓለም ይመርጣሉ፣ ይከፍላሉ። አብዛኞቹ ማስተርስ ይፈልጋሉ። የጎቲንገን የሞለኪውላር ባዮሎጂና የኒውሮሳይንስ ፕሮግራሞች ግን በመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ጥብቅ ኮርስና ላቦራቶሪ ነው፤ ከዚያ ውጤቱ የፈቀደለት የማስተርስ ቲሲስ ሳይጽፍ በቀጥታ ወደ ፒኤችዲ ያልፋል፣ ሌላው ማስተርሱን ይጨርሳል። እያንዳንዱ ፕሮግራም በዓመት ወደ 20 ተማሪ ነው የሚይዘው። ማመልከቻው ጥር 7 አካባቢ ይዘጋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይዞ አሜሪካን ለፈራ ጎበዝ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የአውሮፓ ምርጫ አላውቅም።

ማስተርስ ላላችሁ የጀርመን ፒኤችዲ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ነው የሚወጣው። ብዙ ጊዜ የሙሉ ደመወዝ 65 በመቶ ይከፈላል፣ ጡረታና የጤና መድን አለው። 65 በመቶ ስለተከፈላችሁ 65 በመቶ ብቻ እንደማትሠሩ ግን ተዘጋጁ።

ሁለት ደብዳቤ ጎን ለጎን

አንዲት ተማሪ ሁለት ደብዳቤ ደረሳት እንበል። አንዱ ከአሜሪካ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ለፒኤችዲ፣ 28 ሺህ ዶላር። ሌላው ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ፣ የትምህርት ክፍያ የሌለው።

የአሜሪካውን ስታነብ መጀመሪያ የምትፈልገው «9 ወር» ወይም «12 ወር» የሚለውን ነው። 28 ሺሁ ለ9 ወር ከሆነ የክረምቱ ሦስት ወር ገንዘብ ከየት ይመጣል? ቀጥሎ የትምህርት ክፍያው ቢነሳም የተማሪ ልዩ ልዩ ክፍያ የሚባለው ተነስቷል ወይ? አንዳንድ ቦታ ይሄ በዓመት ከሺህ ዶላር በላይ ነው። የጤና መድኑስ? ከዚያ «ለስንት ዓመት ዋስትና አለ?» የሚለው። ክፍያው 2 ሺህ ነው፣ የክፍል ኪራይ በወር 800 ነው ብንል፣ ከግብር በፊት 16,400 ዶላር ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለሌላው ይተርፋል። ያኖራል።

የጀርመኑ ደብዳቤ ላይ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ደብዳቤው ጥሩ ቢሆንም የመኖሪያውን ገንዘብ አይሰጥም። ለሁለት ዓመት በትንሹ 23,808 ዩሮ ማሳየት አለባት። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ላቦራቶሪ ያለበት የባዮሎጂ ፕሮግራም ግን ለሥራ ብዙ ጊዜ አይተውም። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ ከሌላት፣ «ነፃ» የተባለው ለእሷ ከአሜሪካው የበለጠ ውድ ነው። ይህን ስሌት በወረቀት ሳትሠሩ «እሺ» ብላችሁ አትመልሱ።

የአውሮፓ ስኮላርሺፖች

ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ፈላጊ ትልቁ ዕድል ነው። የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል። ጉዞና ቪዛም ከዚያው ነው የሚወጣው፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን ቀድማችሁ ከራሳችሁ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት አገር ትማራላችሁ። በባዮሎጂ ብዙ አሉ። ሜሜ የሚባለው የዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ ፕሮግራም ኡፕሳላን፣ ግሮኒንገንን፣ ሞንፔሊየንና ሙኒክን ያገናኛል። ትሮፒሙንዶ በሐሩር ክልል ብዝኃ ሕይወት ላይ ነው። ለባሕርና ለሐይቅ ሰው ደግሞ የባሕር ባዮሎጂው ፕሮግራም አለ። አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው የሚቀበሉት። የሥራ ልምድ እንደ ቅድመ ሁኔታ ስለማይጠይቁ አዲስ ተመራቂ መጀመሪያ እዚህ ይሞክር።

ቭሊር-ዩኦስ የሚባለው የቤልጂየም (የፍላንደርስ) ዩኒቨርሲቲዎች የልማት ትብብር ለኢትዮጵያውያን የቆየ ወዳጅ ነው። ከመቀሌ፣ ከጅማ፣ ከባሕር ዳርና ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የረጅም ጊዜ ትብብር ነበረው። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች የተማራችሁ ከሆነ፣ ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ ቤልጂየም የተማረ መምህር የማግኘታችሁ ዕድል ሰፊ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ። የጌንት ዩኒቨርሲቲ የዓሣ እርባታ ማስተርስ ለሐዋሳ፣ ለዝዋይ ወይም ለጣና ሰው በቀጥታ የሚጠቅም ነው።

የስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድና የአመራር ታሪክ ይፈልጋል። አካሄዱ ሁለት እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ በጥር ለዩኒቨርሲቲው፣ ከዚያ በየካቲት ለስኮላርሺፑ። የስዊድን ፒኤችዲ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የ4 ዓመት ሥራ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ደመወዝ አለው፣ የትዳር አጋርም መሥራት ይችላል። የስዊድንና የእኛ የዕፅዋት ሳይንስ ታሪክ ደግሞ ረጅም ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር የተጻፈው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በኡፕሳላ የጋራ ሥራ ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውም ፒኤችዲያቸውን የሠሩት ኡፕሳላ ነው። የዕፅዋት ምደባ የምትወዱ ከሆነ ይህን መስመር ተከተሉት።

የተዘጉ በሮችንም እወቁ። የኔዘርላንድስ ኦሬንጅ ኖሌጅ ስኮላርሺፕ አብቅቷል። ኖርዌይም ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የመጣውን የማስተርስ ተማሪ ታስከፍላለች። «ኖርዌይ ነፃ ነው» የሚለው የቴሌግራም መልእክት አሁንም ይዞራል፤ አትመኑት።

ሌሎቹን በአጭሩ። እንግሊዝ ማስተርሱ አንድ ዓመት ነው፤ ቺቭኒንግ የሚባለው የመንግሥቱ ስኮላርሺፕ ጥሩ ነው፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም ለ2 ዓመት መመለስ አለባችሁ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለእኛ አይሆንም፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ጃፓን በኤምባሲው በኩል የሚሰጠው የሜክስት ስኮላርሺፕ ዕድሜው ከ35 በታች ለሆነ ሰው ነው፣ ፕሮፌሰሩን ግን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ቻይና የመንግሥት ስኮላርሺፑ ዶርምና መድን ሸፍኖ ለማስተርስ 3,000፣ ለፒኤችዲ 3,500 ዩዋን በወር ይሰጣል። ብዙም ባይሆን ዶርም ስላለ ይበቃል። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ፕሮግራም መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፤ ካልሆነ ከሁሉ በፊት አንድ ዓመት ቻይንኛ ነው።

ጎረቤትን አትናቁ

ይሄን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን የምር ነው የምጽፈው። የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ጆሞ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሞለኪውላር ባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ ማስተርስና ፒኤችዲ ያስተምራል፤ ስኮላርሺፑ ሙሉ ነው። ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ በነፍሳት ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። ከ1983 ጀምሮ የአፍሪካ ፒኤችዲ ተማሪዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ከ2013 እስከ 2023 የመሩት ደግሞ የእኛዋ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። ትንኝ፣ አንበጣ፣ የንብ በሽታ፣ የበቆሎ ተባይ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ቦታ አውሮፓ ውስጥ ላያገኝ ይችላል። ጋና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዋክቢፕ የሚባለው የተላላፊ በሽታዎች ሴል ባዮሎጂ ማዕከል አለ።

አዲስ አበባም አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። እዚያ ተቀምጣችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግባችሁ የተወሰነ ጊዜ አውሮፓ ላቦራቶሪ ሄዳችሁ የምትሠሩበት ሳንድዊች የሚባለው ፒኤችዲ ይገኛል። ቤተሰብ ላለው ሰው፣ ወይም በሳምባ ነቀርሳና በሥጋ ደዌ ላይ መሥራት ለሚፈልግ፣ ሙሉ በሙሉ ከመውጣት የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ናሙና ከኢትዮጵያ ለምትወስዱ

ስለዚህ ብዙ ጊዜ አይወራም። የኢትዮጵያ ዕፅዋት፣ ዘር፣ እንስሳ ወይም ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ውጭ ላቦራቶሪ መውሰድ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚገዛ ነው (1998 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ 2006)። ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ስለሆናችሁ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ መሄድ አትችሉም። ፈቃዱ ወራት ሊወስድ ይችላል። የማስተርስ ቲሲሳችሁ 6 ወር ብቻ ከሆነ ናሙናው ሳይደርስ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ማስተርስ የምትመርጡ ከሆነ አማካሪው ቀድሞ ናሙና ያለው፣ ወይም እዚህ ትብብር ያለው ሰው መሆኑን ጠይቁ።

አማካሪውን መምረጥ

ዶክተር ገቢሳ እጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራ በተባለው ጥገኛ አረም ላይ የሚበረታ ማሽላ በማውጣት ነው። ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የወሰዳቸው ግን የዩኒቨርሲቲው ስም አይደለም። በ1973 ጆን አክስቴል የተባሉት የፐርዱ የማሽላ ተመራማሪ ኢትዮጵያ መጥተው ወጣቱን ገቢሳን ማሽላ በመሰብሰብ ሥራ አገኟቸው፤ ተማሪዬ ሁን አሏቸው። ዛሬ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሁሉም ሰው አይገጥመውም። ኢሜይል ግን አለ።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። የመመረቂያ ጽሑፉን በጣና ዓሣዎች ላይ የሠራ ልጅ ቢጽፍ እንዲህ ነው የሚለው፦ «በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ለመመረቂያዬ ከጣና አጥማጆች ጋር ወጥቼ የዓሣ ናሙና ሰብስቤ ዕድሜያቸውን ከቅርፊታቸው አንብቤአለሁ። የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ ዕድሜን ከጆሮ አጥንት ማንበብ ከቅርፊት እንደሚሻል አየሁ፤ እኔም መረጃዬ ላይ ትልልቆቹ ዓሦች ዕድሜያቸው አንሶ የታየኝ በዚህ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። ለመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ?» በቃ። ሲቪ ይያያዛል። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ብሎ የሚጀምረውን በቀን ብዙ ያገኛሉ፤ አይመልሱም። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማችሁ ጻፉ።

መልስ ከመጣ በኋላ እናንተም ጠያቂዎች ናችሁ። ከላቦራቶሪው ተማሪዎች አንዱን ወይም አንዷን ለብቻ አነጋግሩ። በሳምንት ስንቴ ከአማካሪው ጋር ይገናኛሉ? ያለፉት ተማሪዎች በስንት ዓመት ጨረሱ፣ ያቋረጠ አለ? የጽሑፍ የመጀመሪያ ደራሲ ማን ይሆናል? የእረፍት ቀን አለ? ሰውየው ሲናደድ ምን ያደርጋል? ተማሪው መልሱን ሲያድበሰብስ ከሰማችሁ ተጠንቀቁ። ደካማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ጥሩ አማካሪ ያስመርቃችኋል። በገናና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ክፉ አማካሪ ግን 6 ዓመት ቤተሰቦቻችሁ በማያውቁት ጭንቀት ውስጥ ሊያቆያችሁ ይችላል። ቪዛችሁ በእሱ ፕሮግራም ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አስቡ፤ የአገሩ ልጅ እንደሚያደርገው ነገ ጠዋት ጥሎ መውጣት አይቻልም። ለእኛ አማካሪ መምረጥ ከሁሉም ምርጫ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ወረቀቱና ቀኑ

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለማውጣት የወጪ መጋራት ጉዳይን መጨረስ ይጠበቃል። ይህን እስከ ኅዳር አታቆዩት፤ በክረምቱ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጀምሩ። ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ለማመልከት ስካን የተደረገ ቅጂ ይቀበላሉ፣ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ለጀርመን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻው ዩኒ-አሲስት በሚባለው የውጭ ተማሪዎችን ማመልከቻ በሚመረምር ድርጅት በኩል ያልፋል፤ የመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ ተጨማሪው እያንዳንዱ 30 ዩሮ ነው። ስለዚህ አምስት ቦታ ከመበተን ሁለት ቦታ በደንብ ማመልከት ይሻላል። ለእንግሊዝኛ ፈተና አንዳንዶች ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃቸዋል፤ ሌሎች ከአይልትስ በጣም የሚረክሰውን የዱኦሊንጎ ፈተና ይቀበላሉ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሦስት መምህራን በነሐሴ አነጋግሩ። ሲቪያችሁን፣ ቲሲሳችሁን፣ የምታመለክቱባቸውን ፕሮግራሞችና የመዝጊያ ቀኖች በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። መምህራኖቻችን ሥራ ይበዛባቸዋል፤ መዝጊያው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀር በትህትና አስታውሷቸው። የአሜሪካ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ባሉት ቀናት ይዘጋሉ። ከተቀበሏችሁ ደግሞ ቸኩላችሁ አትፈርሙ። ለብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስምምነት ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 7። ከዚያ በፊት ገንዘብ የሚያስገኝ ቅበላን እንድትቀበሉ ወይም እንድትተዉ ሊያስገድዷችሁ አይገባም። የማትሄዱበትን ቦታ ግን ቶሎ በጽሑፍ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» በሉ፤ በተጠባባቂነት የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ፣ እሱም ቪዛ ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልገዋል።